የሞተሩ መቀመጫ

አባቴ ሹክ ማለት አያውቁም። ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ባለው ወፍጮ ቤታቸው ከናፍጣ ሞተር ጋር ሲጯጯሁ ኖረው፣ ሞተሩ ሲጠፋም ድምፃቸውን መቀነስ ረሱ። ቤታችን ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም፤ እኔ ፈተና ስወድቅ ጎረቤቱ የሚሰማው ከእናቴ እኩል ነበር። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብለው «ወጡ አርሯል» አሉ። በእሳቸው ቤት ሹክ ማለታቸው ነው። የሙሽራው እናት ከጓዳ ወጥታ አፈጠጠችብን። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ስንጠራ እናቴ አባባን ከድምፅ ማጉያው ሥር ታስቀምጣቸው ጀመር።

ያ ሞተር አርጅቶ መለዋወጫ ሲጠፋለት ተሸጠ። ወፍጮ ቤቱ ባዶውን ቀረ፤ ጥቀርሻ የጠገበ ግድግዳ፣ የተበሳሳ ቆርቆሮ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሞተሩ ተቀምጦበት የነበረው ትልቅ አርማታ። እኔ በሰው ድግስ ወጥ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝና «ምግብ ቤት ላድርገው» አልኳቸው።

እሺም እምቢም አላሉም። ቁልፉን ወረወሩልኝና ማሉ። «ማርያምን፣ ወፍጮዬ በነበረበት ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እህል አልቀምስም!» መሐላውን ከመንገዱ ማዶ ጫት የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ ሰሙት። እኔ ለይምሰል ሳቅሁ። ወጥ ማጣጣምን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አባባ የማይበሉበት ምግብ ቤት ለእኔ ምኑም አይደለም።

ሥራውን ጀመርን። ጣሪያውን በመጥረጊያ ስንነካው የኖረ ዱቄት ተናደብንና ግንበኞቹም እኔም ነጭ ሆነን ወጣን። ግድግዳውን ኖራ ቀባነው፤ ሲነጋ የናፍጣው እድፍ በኖራው መሃል ብቅ ብሎ አገኘነው። ደግመን ቀባነው፣ ደግሞ ብቅ አለ። በመጨረሻ ፍቀን በአዲስ ልስን ዘጋነው። ከሶፊ ማሽላ የሚያመላልሱት አህዮችም ቢሆኑ መንገዱን አልረሱትም። አንዷ ጭነቷን እንደያዘች ሰተት ብላ ገብታ ገና ባልደረቀው ወለል ላይ ቆመች። ባለቤቷ ከኋላ ደርሶ ወፍጮው የት እንደሄደ ጠየቀኝ። ምግብ ቤት ሊሆን ነው ስለው፣

«አቦ፣ ታዲያ ሳትፈጪ ምኑን ልታበዪን ነው?» አለኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን አርማታው ነበር። ጠረጴዛ የምደረድረው እዚያው መሃል ላይ ስለሆነ መነሳት አለበት። ሠራተኞቹ እየተፈራረቁ በመዶሻ ወረዱበት፤ የተሰበረው የመዶሻው እጀታ ነው። ለካ በወጣትነታቸው ሲሚንቶውን ያስቦኩት አባባ ራሳቸው ኖረዋል፣ ፌሮ ብረትም አልቆጠቡበትም። ሥራ ባበቃን ቁጥር ይደውሉልኛል። ያለ ስልኩም የምሰማቸው ይመስለኛል።

«ተሰበረ?»

«አልተሰበረም አባባ።»

«ተመስገን! ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል!» ይሉና ይዘጉታል። ግንበኞቹ ይህችን ተረት በቃላቸው ይዘዋት ሥራ ሲጀምሩ ይሉልኝ ነበር።

አንድ ቀን ጀጎል ውስጥ የምትኖር ሐረሪ ወዳጄ ከጊደር መጋላ ቅመም ገዝታ ስትመለስ ጎራ አለች። ወዲያ ወዲህ ሳትል ጫማዋን አውልቃ አርማታው ላይ ወጥታ ተደላደለች።

«ምነው ነደባውን ትቀጠቅጡታላችሁ?» አለችን።

ነደባ በሐረሪ ቤት ውስጥ ከግንብ የሚሠራ፣ ከፍና ዝቅ ያለ መቀመጫ ነው። ከፍ ባለው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ሳይነገር ይታወቃል፤ የቤቱ ትልቅ ሰው ነው።

«የሞተር መቀመጫ ነው እንጂ ነደባ አይደለም» አልኳት።

«መቀመጫ ካልሽውማ ምን ቀረሽ? ወላሂ፣ ቀይ ቀቢውና ምንጣፍ አንጥፊበት።»

ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «ነደባ ግን ወንበር ነው?»

«አስተግፊሩላህ! ነደባ እንዴት ወንበር ይሆናል?»

አገላብጬ ሳምኳት። መዶሻውን ለባለቤቱ መለስን፣ ጠረጴዛዎቹንም በአርማታው ዙሪያ ደረደርናቸው።

የመክፈቻው ዕለት ለምሳ ዘመድ ጎረቤቱ ሞልቷል። አባባ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ገላመጧቸው።

«ምያለሁ!» አሉ። እንግዳው ሁሉ ዞረ።

«የማሉት ወንበር ላይ ነው» አልኩና ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቀዩ ነደባ ወሰድኳቸው።

አርማታቸውን አወቁት። ወጥተው ተቀመጡ፣ ምንጣፉን ገለጥ አድርገው በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «አሁን አይንቀጠቀጥም» አሉ። ወፍጮው ምን ያህል እንደናፈቃቸው ያኔ ገባኝ።

የበግ ቅቅል አቀረብኩላቸው። የአባባን አፍ የሚያውቅ ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ጠበቀ። የዚያች የሙሽራው እናት ፊት ድቅን አለብኝ። አንድ ጊዜ ቀመሱ። ደገሙ። ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝ። ጆሮዬ ሊደነቁር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ አልኩ።

«ጨው አንሶታል» አሉኝ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው እናቴ እንኳ አልሰማችም። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንዳላቸው እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። ዕንባዬ መጣ።

«ምን አሉ? ምን አሉ?» አለ ቤቱ በሙሉ።

«ጣፍጧል አሉ» ብዬ ጨው ላመጣ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

«እውነቷን ነው!» ሲሉ አባባን ከኋላዬ ሰማኋቸው። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጫት ሻጮችም ሰምተዋቸዋል።