የሳሙና ካርቶን ቃላት

አዲስ የሳሙና ካርቶን ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ታስታውሱታላችሁ? ለእኔ የቃላት ሽታ እሱ ነው። በደርግ ዘመን ከሚሴ ላይ አንደኛ ክፍል ስገባ መምህራችን ጋሼ ሰይድ የሳሙና ካርቶን ቆራርጦ፣ ከግድግዳ መፈክር በተረፈ ቀይ ቀለም ሃያ ቃላት ጻፈልን። ላም፣ ቤት፣ ውሃ፣ በር... "ሰው ስታዩ አፍንጫውን ለብቻ፣ ጆሮውን ለብቻ ታያላችሁ እንዴ? ቃሉንም እንደዚያው ባንድ ጊዜ አይታችሁ እወቁት" ይለን ነበር።

እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ቁርዓን የምቀራ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ማወቅ ማለት በቃል መያዝ ነው፤ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዝን እናወርደዋለን። የጋሼ ሰይድንም ካርዶች በዚሁ ዘዴ ቀራኋቸው። ሁልጊዜ ባንድ ተራ ስለሚያነሳቸው ከላም ጀምሬ ሳልተነፍስ እጨርሳቸው ነበር፤ ክፍሉም እኔን ይከተላል። ጎበዝ ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ። አንድም ቃል እንደማላነብ የነገረኝ የለም።

ያን ዓመት እናቴ መንታ ወለደች። አባቴ በጨፋ ሸለቆ ከብት የሚነግድ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር፤ ሕፃናቱን የሚይዝ ሲጠፋ እኔን ከትምህርት ቤት ሊያስቀረኝ አሰበ። አልቅሼ ብለምነው "እስቲ መጥቼ ልስማሽ፤ ካወቅሽ ትቀጥያለሽ" አለኝ። በገበያ ቀን መጣና ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

ጋሼ ሰይድ የመጀመሪያውን ካርድ አነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩና "ላም! ቤት! ውሃ!" እያልኩ ሃያውንም አንበለበልኳቸው። አባቴ "ማሻአላህ!" አለ። ጋሼ ሰይድ ካርዶቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ዝም አለና "ጎበዝ ልጅ አለችዎ" አለው። አባቴ ዱዓ አድርጎለት ወጣ።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ጋሼ ሰይድ ጠራኝ። "ካርዶቹን እኮ ዛሬ በውዤያቸው ነበር" አለኝ በቀስታ። የላይኛውን አሳየኝ፤ ምን እንደሚል አላወቅሁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን አልተቆጣም። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ በተነና በቤታችን ቋንቋ "ቢሻን ፈልጊልኝ" አለኝ፣ ውሃን ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእረፍቱ እሱ በኦሮምኛ ይጠራል፣ እኔ በዓይኔ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ውሃን ገበያ መሃል እንዳየሁት ዘመድ ለየኋት። ማታ ማታ አንዱን መንታ አዝዬ ቃላቱን ለእሱ እነግረው ነበር።

ዛሬ እኔም መምህርት ነኝ። የተማሪዎቼ ካርዶች ሥዕል አላቸው፣ ያብለጨልጫሉ፤ ምንም ግን አይሸቱም። አባቴ ከማረፉ በፊት ያቺን ቀን አነሳሁና አታልዬህ ነበር፣ አውፍ በለኝ አልኩት። ሳቀ።

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር እኮ። ፊደል ባላውቅ ይኼም ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ፣ አባዬ?"

"መምህርሽ ዝም ሲል አየሁታ። ያወቀው ዝም ካለ እኔ ያላወቅሁት ምን ልበል?"

ሁለቱም አሁን የሉም፤ ይናፍቁኛል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነበንብ ልጅ ሲገጥመኝ ቶሎ አልናገርም። ካርዶቹን ደረቴ ላይ አድርጌ ሌሎቹ ለእረፍት እስኪወጡ እጠብቃለሁ።