ለኤግያ ቦትዌ የሚሆን ቃል

ቀለም ቀቢው ክዋንሳ ብሩሹን ይዞ ከታንኳው ጎን ቆሞ፣ «እማማ መንሲማ፣ በይ አንድ ቃል ብቻ ስጪኝ፣ ቀለሙ እየደረቀብኝ ነው» ይለኛል። አንድ ቃል! ቀላል ነገር አስመሰለው። እኔ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ። በመንደራችን ዓሣ በጢስ የሚያደርቁት ሴቶች አለቃ አድርገው የመረጡኝ ምላሴን ፈርተው ነው የሚሉ አሉ። የዚያን ቀን ግን ምላሴ ተሳሰረ።

ታንኳው የልጄ የአንኮማ ነው። በእኛ የባሕር ጠረፍ ጎኑ ላይ ጽሑፍ የሌለው ታንኳ ስም ያልወጣለት ልጅ ማለት ነው። አንኮማ ደግሞ ከሞት አፍ የመለሰውን ሰው ስም ማጻፍ ፈለገ። ችግሩ ሰውየው ቅጣት ላይ ነው፤ ቅጣት ላይ ያለ ሰው ስሙ አሸዋው ላይ አይጠራም፣ አይጻፍም። ስለዚህ ስሙን ሳይጠራ፣ ያነበበ ሁሉ «አሃ፣ እሱ!» የሚልበት ቃል ተፈለገ።

«ግትር ብለህ ጻፍ» አለ አንዱ መረብ ጠጋኝ ከተቀመጠበት።

«ግትርማ ፍየሌም ናት» አልኩት። «ግትር የሚባለው በራሱ ሐሳብ ድርቅ የሚል ሰው ነው። ይሄ ሰውዬ የራሱ ሐሳብ መቼ ኖሮት ያውቃል?»

«ሕግ አክባሪስ?» አለ ልጄ።

«ሂድ ወዲያ! ሕግ አክባሪ ማለት ሕግ ሲመጣበት የሚያከብር ነው። ይሄኛው እኮ ሕግ ፍለጋ የሚዞር ነው!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቃሉ ግን አልተገኘም።

የምንነጋገርበት ሰው ኤግያ ቦትዌ ይባላል። ኤግያ የምንለው ለአባት ያህል ሰው ነው፤ ቦትዌ ደግሞ ለቤቱ ስምንተኛ ልጅ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። ሥራው ማክሰኞን መጠበቅ ነበር። ማክሰኞ ባሕር ታርፋለች፤ አንድም ታንኳ ውኃ አይነካም። መረብ ይጠገናል፣ የተጣላ ይታረቃል እንጂ ዓሣ አይጠመድም። ይህንን ሥርዓት ሲጠብቅ ሃያ ሰባት ዓመት አሸዋው ላይ ካለው ዳስ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ዝናብ ቢወርድ፣ ወባ ቢያንቀጠቅጠው፣ ማክሰኞ ከሆነ እዚያው ነው።

እኔ ይሄ ሰው ሁሌም ይገርመኝ ነበር። ሥራ ፈትቼ አየው ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ከመንደሩ ቧንቧ ውኃ የሚቀዳው በተራ ነው። አንድ ቀን በቀትር፣ ወፍ እንኳ በሌለበት፣ ባልዲውን ይዞ ከተሰመረው መስመር ኋላ ቆሞ አገኘሁት።

«ኤግያ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ተራዬን።»

ትንሽ ቆየና ተራው ደረሰው መሰለኝ፣ ሄዶ ቀዳ። እንዴት እንዳወቀ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሚስቱ አራባ ደግሞ የባሰውን ትነግረን ነበር። በሠርጋቸው ዕለት አባቱ፣ «ሚስትህን ሳታስፈቅድ ድስት እንዳትከፍት» ብለውት ኖሯል። «ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ እኔ ገበያ ውዬ ከቀረሁ ድስቱን ፊቱ አስቀምጦ ጦሙን ይውላል» ትላለች። «ኧረ ክፈትና ብላ፣ ለዘላለም ፈቅጄልሃለሁ ብለው፣ ‹አባቴ ለዘላለም አላለም› አይለኝም መሰለሽ?» እየሳቀች ትጀምርና መጨረሻው ላይ ዕንባዋ ይመጣል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መኖር ቀልድ አይደለም።

ያቺን ማክሰኞ ልንገራችሁ። ቤንዚን ከአገር የጠፋበት ዓመት ነው፤ የበቆሎ ሊጥ ቅቅሉ ኬንኬ እንኳ በግማሽ ተቆርሶ የሚበላበት ጊዜ። ሰኞ ከሰዓት አንኮማ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ወጣ፤ ማክሰኞ ሳይነጋ ሊመለስ። ነጋ፤ የለም። ፀሐይ ከፍ ስትል ታንኳቸው ከሩቅ ታየች፤ ነዳጁ አልቆባት ሞተሯ ዝም ብሏል። ውኃው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ቋጥኞቹ ይወስዳታል። ያ ቦታ ስንት ታንኳ እንደፈጨ ሁላችንም እናውቃለን። አንኮማ አንድ ልጄ ነው። ከሱ በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ።

ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ዳር ቆመዋል፣ ታንኳዎች ተደርድረዋል፣ መቅዘፊያ ሞልቷል። ሁሉም ግን ወደ ቦትዌ ያያሉ። ማክሰኞ ባሕሩን መክፈት የሚችሉት የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናና ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከተማ ሄደዋል። ሰው ልከን እስኪመለስ ግማሽ ቀን ነው፤ ያውም መኪና ከተገኘ።

ሮጬ እግሩ ሥር ወደቅሁ። «ኤግያ፣ ልጄን! ይፍቀዱላቸው፣ ልጄን!»

«ልፈቅድ አልችልም፣ መንሲማ። የመፍቀድ ሥልጣን የለኝም» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ክፋት የለም። የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው።

ደሜ ፈላ። አንቱታው ከአፌ ወደቀ። «አንተ! አንተ ደረቅ እንጨት! ልጄ ዓይንህ እያየ ይሙት? ከሞተ ይችን ባሕር ጠጣት!»

ቋጥኞቹን አየ፣ ታንኳዋን አየ፣ በጣቱ የሆነ ነገር ለካ። ከዚያ ተነሣና የለበሰውን ጨርቅ ከትከሻው አውርዶ አጣጠፈ። ማዕዘኑን ከማዕዘኑ ገጥሞ ነበር የሚያጣጥፈው! እኔ እዚያ ልሞት ነው፣ እሱ ጨርቅ ያስተካክላል።

«ስሙ» አለ ለወጣቶቹ። «ማክሰኞ ታንኳ ያስገባ ሰው አንድ በግና ሁለት ጠርሙስ መጠጥ ይከፍላል፤ ዓመት ሙሉ አሸዋ አይረግጥም፣ ባሕር አያይም። የሚቀጣው ደግሞ ያዘዘው ነው፤ የገፋው አይደለም። ይህ ነው ሥርዓቱ። ያዘዝኩት ማነኝ?»

ወጣቶቹ ተያዩ።

«ያዘዝኩት ማነኝ? ሦስት ጊዜ በምስክር ፊት መባል አለበት።»

«ቦትዌ ነህ!» አሉ።

«እንደገና።»

«ቦትዌ ነህ!»

«ወይ አበሳዬ! ይሄ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው!» እያልኩ ደረቴን እደቃለሁ። ሦስተኛውን እኔው ራሴ ጮህኩለት። እሱ ግን አልጨረሰም፤ መረቡን ከታንኳው አውጡ አለ፣ መንጠቆውንም፤ ለማጥመድ እንዳልገቡ ይታወቅ ዘንድ። ተጣድፈው አወጡ። «አሁን ግፉ!» አለና እሱ ራሱ ስልሳ ዓመቱን ተሸክሞ ከፊት ዘልሎ ገባ።

እንዴት እንደደረሱባቸው አልናገርም፤ ግማሹን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። ገመድ ሲወረወር አንኮማ ከቋጥኙ አንድ ቤት ያህል ነበር የቀረው። አምስቱም ተመለሱ። ልጄን ይዤ አሸዋው ላይ ተንከባለልኩ። ቀና ስል ቦትዌ ምን እያስደረገ ነው? የያዙትን ዓሣ መልሰው ውኃ ውስጥ እንዲደፉ! ማክሰኞ የወረደ ዓሣ አይበላም። በዚያ የረሃብ ዓመት፣ ያን ሁሉ ዓሣ! አሁን ላቅፈው ሄጄ፣ ደርሼ ልመታው ቃጣኝ።

ዓሣው ሲያልቅ ያጣጠፈውን ጨርቅ አንሥቶ ለበሰ። ከአሸዋው ወጣ። ወደ ኋላም አላየ። በማግስቱ ናና ደጅ በጉ ታስሮ፣ መጠጡም ተቀምጦ ተገኘ።

ናና ሲመለሱ ሴቶቹን ሰብስቤ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ምሬዋለሁ፣ ምሬዋለሁ፣ ለዚህ ደግሞ ሰው ይቀጣል?» አሉኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስበር ቦትዌ ቤት ሄጄ የምሥራች አልኩት።

«ናና ደግ ሰው ናቸው» አለ። «ግን ቅጣቱን ያወጡት እሳቸው አይደሉም። በአያቶቻችን ጊዜ የወጣ ነው። ያላወጡትን ሊያነሡ አይችሉም።»

«እና ዓመት ሙሉ እዚህ ግድግዳ ልታይ ነው?»

«አሥራ አንድ ወር ከሃያ ቀን ነው የቀረው» አለኝ፤ እንደ መጽናኛ።

እንዴት እንደተናደድኩ! ምስጋናዬን ፊቴ ላይ የወረወረው ነው የመሰለኝ። «እንግዲያው ተቀመጥ!» ብዬው ወጣሁ፤ ብዙ ጊዜም ደጁን ሳልረግጥ ቆየሁ። ክዋንሳ ብሩሹን ይዞ ቃል አምጪ ሲለኝ እንግዲህ በዚህ ንዴት ላይ ነበርኩ። ደረቅ ልል አሰብኩ፤ ደረቅ ሰው ግን ለሌላ ሰው ልጅ ብሎ ባሕር አይገባም፣ አይቀጣምም። ደግ ልል አሰብኩ፤ አራባ ትስቅብኛለች። መጨረሻ ላይ፣ «ተወው፣ ጎኑ ባዶውን ይሁን» አልኩት። አንኮማ ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

ሦስተኛው ወር ላይ ነው፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የዓሣ መንጋ እስከ ዳር ድረስ መጣ። ውኃው ብር ሆነ። ሰው ደግሞ ርቦታል። ስድስት ወጣቶች አንድ ታንኳ ይዘው መግፋት ጀመሩ፤ የሚከለክል ጠባቂ አልተተካም። እኔም አየሁ፣ ዝም አልኩ፤ ልክድ አልችልም፣ እኔም ዓሣው አስጎምጅቶኛል።

«ቦትዌም እኮ በማክሰኞ ገብቷል!» አለ የፊተኛው።

የዚህን ጊዜ አንዱ፣ የተቀጣው ሰው ስም አሸዋው ላይ ስለተጠራ ይሁን ወይ ሌላ አስቦ፣ እጁን ከታንኳው አነሣ። «ገብቷል» አለ፣ «አሁንስ የት ነው ያለው?»

ሁሉም ወደ ዳሱ ዞሩ። ሥሩ ማንም የለም። ስድስቱም ታንኳውን እየጎተቱ ወደ ቦታው መለሱት። አንድ ሰው እንኳ አልተቆጣቸውም። እኔ ግን ቅርጫቴን እዚያው ጥዬ ተነሣሁ።

ቦትዌ ከቤቱ ጓሮ ተቀምጦ ነበር። በሱና በባሕሩ መካከል የኮኮናት ዛፎችና የጎረቤት ግንብ አለ። ማዕበሉ ይሰማል፣ አይታይም። ከስቷል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ወጣቶቹን፣ ዓሣውን፣ እንዴት እንደመለሱ። «ጥሩ» አለ። ልሄድ ስነሣ ጠራኝ።

«መንሲማ። ስለ ባሕሩ መስማት ክልክል ነው የሚል የለም። አታይም ነው የሚለው። ሦስት ወር ሙሉ አስቤበታለሁ» አለና መሬት መሬቱን አየ። «ዛሬ ምን ይመስላል?»

ተወልጄ ያደግኩበት ባሕር ነው፤ ግን ስለሱ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «ያው ባሕር ነዋ» ልል ከአፌ መለስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቅ ነበር። ተመልሼ ከጎኑ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ዳር ዳሩ እንደ ሩዝ ማጠቢያ ውኃ ደፍርሷል አልኩት፤ ከቋጥኞቹ ወዲያ ግን ጠቁሯል፤ ነፋሱ ከምዕራብ ነው፤ ዓሣው ሲዞር አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል፣ መልሶ ይጠፋል፤ ወፎቹ ጮኸው ጮኸው ደክሟቸው ውኃው ላይ ተኝተዋል።

«የትኞቹ ወፎች?» አለኝ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ነገርኩት። የማላውቀውን ነገ አይቼ እመጣለሁ አልኩት። ገና ዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር።