ከጆሮ ያልደረሰው ስልት

ባሌ ቶኩጂ የጣሪያ ሸክላ ሠሪ ነው። ማታ ከምድጃው ሲመለስ ጭቃውን ታጥቦ ሰይፍ ይዞ የሚወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰይፍ መምህሩን የየኔታ ናሩሴን ደጅ የጠና ሞኝ። ሞኝ ማለት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲለው አልወድም።

ባለፈው መኸር የኔታ የሰይፍ ቤታቸውን የወራሽነት ጥቅልል ሊያስረክቡት ነበር። ጥቅልሉ ላይ ከመሥራቹ ጀምሮ የወራሾቹ ስም አለ፤ ስልቶቹም አሉ። የመጨረሻው ስልት ግን ሆን ተብሎ ተሳስቶ ነው የተጻፈው፤ የሰረቀው ሌባ ሲሞክረው እንዲሞትበት። እውነተኛውን ወራሹ የሚሰማው በርክክቡ ቀን፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ቀኑ ሲቃረብ የኔታን ስትሮክ መታቸው። ምላሳቸውም ገላቸውም አልታዘዝ አላቸው።

ቶኩጂ አልጋቸው አጠገብ ስልቱን እየሠራ፣ "እንዲህ ነው የኔታ? ወይስ እንዲህ?" ይላቸዋል። እሳቸው እንባቸው ብቻ ይወርዳል። እሱም እህል አስጠላው፣ እንቅልፍ ራቀው። እኔም ተቃጠልኩ።

"ኦዙ ከተማ ሂዳ!" አልኩት። "ወይዘሮ ኢሶኖ ጋ። አያታቸው ከኛው የሰይፍ ቤት ተጣልተው ወጥተው የራሳቸውን ያቆሙ አይደሉም እንዴ?"

"አብደሻል? ለባዕድ እንዳላሳይ በደሜ አትሜ የማልኩ ሰው ነኝ!"

"እንግዲያው ከነመሐላህ ቅበረው!"

በማግስቱ መንደሪን በቅርጫት ይዘን ሄድን። ባቡሩ ውስጥ ሁለቱን ሳመዛዝን ሄድኩ። ካሳየ መሐላ ሊያፈርስ ነው፤ ካላሳየ ስልቱ ሊጠፋ።

ወይዘሮ ኢሶኖ ከሰማንያ ያለፉ፣ አፈ ስለት ሴት ናቸው። "እናንተ ኩራተኞች! እግራችሁ ደጄን እንዲረግጥ ሰው መታመም ነበረበት?" አሉ። ከዚያ ለቶኩጂ፣ "በል አሳየኝ። የኔንም ታያለህ" አሉት።

ቶኩጂ ጥቅልሉ ላይ ያለውን ሠራ። "ይሄ ስህተቱ ነው፤ እውነተኛው እናንተ ጋ ይኖር እንደሆን ብዬ ነው" አላቸው። አሮጊቷ ሰይፋቸውን አንስተው የራሳቸውን ሠሩ።

ያው ነው። እርምጃው ያው፣ ስህተቱም ያው። አያታቸው የተጣሉት ሚስጥሩ ሳይነገራቸው ነበር ማለት ነው። ወይዘሮ ኢሶኖ፣ "ይህችን ይዘን ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዘመን የኮራነው?" አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ስንመለስ የኔታ ዓይናቸውን ቶኩጂ ላይ ተከሉ።

"አገኘሁት፣ የኔታ። ስልቱ ኦዙ ነበር። አይጨነቁ" አላቸው ቶኩጂ።

ወይ ጉድ! ዋሽቶ የማያውቅ ሰው እኮ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። በዚያው ሳምንት አረፉ።

አሁን የቤቱ መምህር ቶኩጂ ነው። ተማሪዎቹ የመጨረሻውን ስልት ሲጠይቁት "ገና ናችሁ" ይላቸዋል። ትዕግሥት የሚያስተምራቸው ይመስላቸዋል። በቀደም ከሁሉም የበለጠችው ተማሪ አጎንብሳ፣ "የኔታ፣ እኔስ ምን ያህል ይቀረኛል?" አለችው።

ቶኩጂ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።