የክሮኖስ ሆድ

ልጅ እያለሁ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ አንድ ቅመም ሻጭ ነበሩ፤ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ የሚጠቀልሉት ከአሮጌ መጻሕፍት በሚገነጥሉት ወረቀት ነበር። ሽፋን የሌለው አንድ መጽሐፍ ከመደባቸው ሥር አይቼ ለምኜ ወሰድሁ። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። የሚያወራው ስለ ጥንት ግሪኮች አማልክት ነው፤ በተለይ ከሌሎቹ ስለሚቀድሙት፣ ታይታኖች ስለሚባሉት። ከገጽ 46 ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ 49 ነበር። መሐል ያለችው ቅጠል የሰው ቅመም ይዛ ሄዳለች።

ያደግሁት አባባ ዘንድ ነው፣ የእናቴ አባት። ትንሹ አጎቴ ሰይድም አብሮን ይኖር ነበር። በዚያ ዓመት ሰይድ፣ አባባ ለእሱ ብለው ያሳደጉት ቀይ በሬ ተሸጦለት በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ሊሄድ ፈለገ። አባባ እምቢ አሉ። “በሬው አይደለም የጨነቀኝ፣ ባሕሩ ነው” ይሉ ነበር። ሰይድ ግን ስስት ነው ይላል። ለእኔም በጆሮዬ፣ “ከሄድሁ ሞባይል እልክልሃለሁ፣ ባለካሜራ” ብሎኛል።

ሰይድ ሽማግሌ ላከባቸው። ሽማግሌዎቹ የመጡት ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። አባባ ቤት አንድ ልማድ ነበር፤ እንግዳ ሲሰበሰብ፣ ከዱዓው በፊት፣ ተማሪው ልጅ ያነብላቸዋል። አባባ ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ በመቁጠሬ ግን ይኮሩ ነበር። “እስቲ ልጄ ያንብብላችሁ” አሉ። ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ መጽሐፍ መስኮቱ ላይ ነበር። እሱን አልፌ ሽፋን የሌለውን አነሣሁ።

“አማልክት” ብዬ ስጀምር አያ እንድሪስ የሚባሉት ሽማግሌ ጫታቸውን አስቀምጠው፣ “አስተግፊሩላህ! ንጉሥ በለው አንተ፣ ዱዓችንን አታበላሽብን” አሉ። ንጉሥ አልሁት። ንጉሥ ክሮኖስ ከልጆችህ አንዱ ይነቅልሃል ስለተባለ፣ ሚስቱ የወለደችውን ሁሉ እየተቀበለ ይውጥ ነበር። አምስት ልጅ ዋጠ። ስድስተኛውን እናቱ ደበቀችና ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ድንጋዩንም ዋጠ። 46 እዚህ ላይ አለቀ። ሳልቆም ወደ 49 ተሻገርሁ፤ ታናሹ ልጅ ሽማግሌ አባቱን ከነታይታን ወንድሞቹ አሸንፎ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ዘጋባቸው። “ታናሹ” ስል ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ።

ሰይድ፣ “እኒህ ንጉሥ ቀበሌያቸው የት ነው? የማውቃቸው ይመስለኛል” አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ። አያ እንድሪስ ብቻ አልቻሉም።

አባባ አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞረው፣ “እሆዱ የገቡት ልጆችስ? ሞቱ?” አሉኝ።

“አላውቅም አባባ። ቅጠሏ ተገንጥላለች።”

“እንግዲያ ነገሩ ጎደሎ ነው” አሉ። ከዚያ ሰይድን አዩት። “በሬውን ውሰድ። ልጁን ዋጠ ከምባል ይቅርብኝ።” ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ለመንገዱ ዱዓ አደረጉለት። ከሁሉም በላይ “አሚን” ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ሰይድ በሳምንቱ ሄደ። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ደውሎ “ነገ እንሻገራለን” አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

ካደግሁ በኋላ ሞባይሉን ራሴ ገዛሁ፤ መጀመሪያ የፈለግሁበትም ክሮኖስን ነው። ያነበብሁት ሰይድን የሸኘንበት የሚኒባስ መነኻሪያ ቆሜ ነበር። ክሮኖስ ልጆቹን አላኘካቸውም። በኋላ መድኃኒት አጠጥተው ሲያስተፉት መጀመሪያ ድንጋዩ ወጣ፣ ቀጥሎ አምስቱም ልጆች አድገው፣ በሕይወት ወጡ። እሆዱ ውስጥ አንድም አልሞተም። የማፍረው ስላነበብሁ አይደለም፤ መርጬ ስላነበብሁ ነው። መጽሐፉን ያነሣሁበት እጄ የንቡን መጽሐፍ አልፎ ሲሄድ ዛሬም ይታየኛል።

ያኔ አንዲት ቅጠል ብትጠፋ ነገሩ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ዛሬ ቅመሙ በፌስታል ነው የሚቋጠረው፤ መጽሐፉ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። አባባ ዓይናቸው ደክሟል። ዱዓ ሲያደርጉ የሰይድን ስም አይጠሩም፤ “መንገደኛውን” ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ አንዳንዴ እጄን ይይዙና፣ “ያቺ ቅጠል ተገኘች?” ይሉኛል።

“አልተገኘችም አባባ።”

“ፈልጋት እንጂ። የቅመም ወረቀት ሰው ቤት አይጠፋም።”

“እሺ አባባ” እላለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ በእጄ ሸፍኜ።