አባቴ የገዘቱበት እሑድ

ሐምሌ 9 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ የወረዳ ባለሥልጣን ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ቀሳውስት «የሚያውቅ ሁሉ እንዲናገር ገዝቱልን» ሲል ጠየቀ። ስብሰባው የተጠራው መንገድ ላይ ድንጋይ ደርድረው መኪና ያገዱ ወጣቶችን ለማጋለጥ ነበር። ከቀሳውስቱ አንዱ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። ዜናውን በአራት አንቀጽ ጽፌ፣ ስሞቹን ደግሜ አጣርቼ ላክሁ። ከዚያ ከአዳራሹ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ያዘዝሁት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀመጥሁ።

ያደግሁት ጋዝጊብላ ውስጥ፣ ከሰቆጣ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ። እኔም ድምፄ ሳይጎረንን ዲቁና ተቀብዬ፣ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከኋላ ከኋላቸው እከተል ነበር። በቤታችን ወራት የሚታወቁት በጾማቸው ነው። ሰው ስለ ዝናብ ሲያወራ እንኳ «ከፍልሰታ በፊት»፣ «ከፍልሰታ በኋላ» ይላል።

ዘጠናዎቹ እንደገቡ ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ጀመርሁ። እሑድ ከሰዓት ድርቆሼን ተሸክሜ ወርጄ ሳምንቱን እዚያው እቆያለሁ። ከተከራየኋት ክፍል አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ሙስሊም ነጋዴ ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። አንድ ረቡዕ እናቱ ወተት ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። ሰማይ አልተደፋም። ሆዴን እንኳ አልቆረጠኝም። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ ለአባቴ «ከእንግዲህ አልቀድስም» አልኋቸው። አልተቆጡም። የምቀድስበትን ልብስ በጥንቃቄ አጥፈው ለሌላ ዲያቆን ሰጡ።

ታላቅ ወንድሜ ሞላ ግን አልማረኝም። ቤት በገባሁ ቁጥር «እንዴት ሰነበትህ፣ አቶ ዲያቆን? ዛሬስ በምን ገደፍህ?» ይለኛል። ሞላ ወታደር ሆኖ ዘምቶ የተመለሰ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። መሬት የተደለደለው እሱ ልጅ እያለ ስለሆነ ሲመለስ የሚያርሰው አልነበረውም። ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ አንዲት ተዳፋት ቆፍሮ ምስር ዘራባት። ሚስት ሊያገባባት ያሰበባት መሬት ነበረች። በቀጣዩ ክረምት ቀበሌው ኮረብታውን ከሰውና ከከብት ንክኪ ከለለው፤ በሞላ ተዳፋት ላይም ችግኝ ተተከለ።

እኔ የተሰለፍሁት ከከለሉት ጋር ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ሲሳይ የቀድሞ ታጋይ ናቸው። በወጣቶች ስብሰባ ላይ «ቄሱ የሚያስርህ አንተ እጅህን ስለምትሰጠው ነው» ሲሉ እኛ ተማሪዎቹ በሳቅ እንፈርስ ነበር። አባቴን ከልቤ ሳወጣ ባዶውን ቦታ የሞሉት እሳቸው ናቸው። ከሰው ጫንቃ ላይ ፍርሃት የሚወርድበት ዘመን መጥቷል ብዬ አምኜ ነበር።

ነሐሴ በገባ፣ ፍልሰታ በተያዘ በሳምንቱ ግድም፣ ችግኞቹ ተነቅለው ተገኙ። ወረዳው «የፀረ ልማት ሥራ ነው፤ አድራጊውን አምጡ» አለ። አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ማለት መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ አጥፊው እስኪታወቅ የማይነሣበት ሸንጎ ነው። ጭጋጉ ኮረብታውን እንደሸፈነ፣ በረጠበ ሣር ላይ፣ ሚሊሻ ዙሪያችንን ቆሞ ዋልን። ማንም አልተናገረም።

በማግሥቱ አቶ ሲሳይ እቤታችን መጡ። እናቴ የተቀቀለ ባቄላ አቀረበች። ሞላ አልነበረም።

«አባ፣ ሕዝቡ እኔን አይፈራም» አሉ አቶ ሲሳይ። «የሚፈራው እርስዎን ነው። ይገዝቱልን።»

አባቴ እምቢ አላሉም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ችግኙን የነቀሉት የማዶ መንደር እረኞች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ግዝቱ የራሳቸውን ሰው ከጥርጣሬ ያወጣዋል ብለው አሰቡ።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። «ጋሽ ሲሳይ፣ ግዝት ኋላ ቀር ነው ብለውን አልነበር?»

ባቄላ እየላጡ ሳቁ። «ኋላ ቀር ነው እንጂ! ግን ይሠራል።»

እናቴ ሰሃኑን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ነበር፤ እጇ ሰሃኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ያየ፣ የሰማ፣ ራሱ ያደረገም ቢሆን፣ አውቆ ዝም ያለ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ቃል የተገዘተ ይሁን» አሉ። መጀመሪያ በአማርኛ ተናገሩት፤ ቀጥሎ አልገባኝም የሚል እንዳይኖር በኽምጣኛ ደገሙት። ሊቀመንበሩ ከጎናቸው ቆብ አውልቀው ቆመው ነበር። የተገዘተ ሰው ዝም እስካለ ድረስ አይቆርብም፤ ቢሞት ፍትሐት የለውም። የሚፈታው ደግሞ የገዘተው ካህን ነው። ይህን በመንደራችን የማያውቅ የለም።

እናቴ በየዓመቱ ፍልሰታ ከአባቴ ጋር ትቆርብ ነበር። በዚያ ዓመት ከቅጥሩ በር አልፋ አልገባችም። አባቴ ከመቅደስ ሲወጡ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አዩአት። ያን ጊዜ ገባቸው። እኔም ከፊታቸው ላይ አነበብሁት። የሞላን ጭቃ የለበሰ ልብስ ያጠበችው እሷ ነበረች።

ወደ ቤት ስንመለስ ተከትያቸው «አባ፣ ይፍቷት» አልኋቸው። «የገዘቱት እርስዎ ነዎት፤ አሁኑኑ መፍታት ይችላሉ።»

«ለሚስቴ ፈትቼ የሰው ሚስት ልሰር?»

«እንግዲያው ለሁሉም ይፍቱ!»

«አንተ ምን አገባህ?» አሉኝ፣ ቆም ብለው። «ትተኸው የለም ወይ?»

አባቴ ቅን ሰው ነበሩ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። በልጃቸው ላይ የጨከኑት ቅን ስለነበሩ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

እናቴ ሞላን ከጓሮ፣ ባቄላው ያበበበት ጠርዝ ላይ ስታናግረው እኔ አጥሩን እጠግን ነበር።

«ልጄ፣ ወይ ራስህ ተናገር፣ ወይ አገር ለቀህ ሂድ።»

«የት ልሂድ፣ እማ? ተመልሼ የመጣሁት እኮ ገና አሁን ነው። ደግሞስ አንቺ ዝም ካልሽ ማን ያውቃል?»

«እሱስ?» አለች፣ ወደ ሰማይ አንጋጣ።

«እሱማ መሬት እንደሌለኝም ያውቃል» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሁለተኛው አውጫጭኝ በተቀመጠ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በኽምጣኛ ነው የተናገረችው፤ አጭር ነበር፤ ልጄ ነው አለች። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ሲሳይ ለሚሊሻዎቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። የሞላን እጅ ወደ ኋላ ሲያስሩት፣ እናታችን ትከሻዋ ላይ የነበረው ሁሉ ወርዶ ቆማለች። አልፏት ሲወሰድ «እማ፣ ነጠላሽ መሬት ነክቷል፤ አንሺው» አላት።

ሰቆጣ ታሰረ። ትምህርት ሲጀመር ከእናቴ ድርቆሽ እየተቀበልሁ አመላልስለት ነበር። «ዲያቆን፣ ዛሬ የማስገድፍህ ነገር የለኝም» ይለኛል በሽቦው ማዶ። በበጋው ተፈታ፤ ወደ ቤት ግን አልመጣም። በአበርገሌ በኩል ወደ ተከዜ ወርዶ ሁመራ ገባ። አብሮት ሰሊጥ ያጨደ የፃግብጂ ሰው በኋላ አግኝቼ አነጋግሬዋለሁ። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን እንደገባ አይቷል። ከዚያ ወዲያ ያየው አላገኘሁም። በሥራ ምክንያት በሄድሁባቸው ከተሞች ሁሉ ጠይቄአለሁ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቀድሰው ዐረፉ። የሞላን ስም ሲያነሡ አልሰማሁም። አቶ ሲሳይ ወደ ወረዳ አደጉ።

የሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዴ ፖለቲካዬን ይጠይቁኛል። የየትኛው ወገን ነህ ይላሉ። ሰው በልጅነቱ ካመነበት ነገር ሲሸሽ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ያንኑ እምነት ተሸክሞ ሌላ ደጅ ይጠናል። እኔም የጠናሁት የሊቀመንበሩን ደጅ ነበር፤ እዚያም አባቴን አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንግሥታዊ ስብሰባ፣ ብዙ የተቃዋሚ ስብሰባ ዘግቤአለሁ። ከመድረኩ «የሚያውቅ ይናገር» ሲባል ዓይኔ ሳላዘው በር ይፈልጋል። ከዚህ የተሻለ አቋም አላበጀሁም። ይለወጣል ብዬም አልጠብቅም፤ ማክሰኞ ዕለት የተነሡት ቄስ ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ።

ከሻይ ቤቷ ሳልወጣ እናቴ ጋ ደወልሁ። አሁን ሰቆጣ ከእህቴ ጋር ትኖራለች።

«እማ፣ ደኅና ነሽ?»

«ተመስገን። ለአባትህ ደብር አዲስ ቄስ መጥተው፣ ስለ ወንድምህ ግዝት ሄጄ ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ልጁ ሳይናገር የታሰረ ነው፤ በሕይወት ካለ ራሱ ይምጣና ይፈታ አሉ። ከሞተ ደግሞ መሞቱ ይታወቅና እናያለን አሉ። አንተ ጋዜጠኛ ነህ። የሰማኸው የለም?»

«የለም፣ እማ።»

«እሺ። ምሳ በልተሃል?»

እናቴ የሞላን ስም በሕይወት ላሉት በሚጸለይበት አታስጠራም፤ ለሙታን በሚጸለይበትም አታስጠራም። ተዝካር እስከ ዛሬ አልወጣለትም።