ከለንደን የመጣ ሽማግሌ

መኳንንት ቴክሳስ ውስጥ፣ ግሬፕቫይን ካለ አንድ ሆቴል እስከ ኤርፖርት የእንግዳ ማመላለሻ ሻትል ይነዳል። ሥራው መሄድና መመለስ ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም፣ እንግሊዝኛውን ከተሳፋሪ አፍ እየለቃቀመ ሠርቶታል፤ ስለዚህ ከፊሉ የቴክሳስ ነው፣ ከፊሉ የናይጄሪያ፣ የቀረው የማንም አይደለም። "ፊክሲን ቱ" ማለት "ላደርግ ነው" ማለት መሆኑን ካወቀ ጀምሮ፣ ሳይፊክስ የሚሠራው ሥራ የለም። "ብለስ ዩር ሃርት"፣ ልብህን ይባርከው፣ የሚለውንም ይወደው ነበር። አለቃው፣ አንዲት የፎርት ዎርዝ ሴትዮ፣ አንድ ነገር ባጠፋ ቁጥር ትለዋለች፤ እሱም "አሜን" ይላታል። እዚህ አገር እንዲህ ሲባል "አይ ሞኙ" መባሉ እንደሆነ የሰማው ስንት ጊዜ አሜን ካለ በኋላ ነው። ከሰማም በኋላ አልተወም። ምርቃት ምርቃት ነው፤ የመራቂዋ ሐሳብ የራሷ ጉዳይ ነው።

ልጁ ሳሮን ሪቻርድሰን ከተማ አንድ ቢሮ ትሠራለች። እዚያው ዳኒ የሚባል እንግሊዛዊ ወደደች። መኳንንት አልከፋውም፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት ለምዷል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ጋሽ ኃይለ መስቀል ግን፣ "እንግሊዝም ቢሆን ሽማግሌ ይላክ" አሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሳሮን መጣች።

"አባዬ፣ ዳኒ አባቱን ኮል አደረገው።"

"ያድርገዋ። ምን ይገርማል?"

"አይነጋገሩም ነበር እኮ! እናቱ ከሞተች ጀምሮ። ሽማግሌ ስትሉት፣ ከአባቴ ሌላ ማን አለኝ ብሎ ነው። ሰውዬው 'እመጣለሁ' ብቻ አለ። ፕሊስ አባዬ፣ ተቀይሞ እንዳይሄድ። ከተቀየመ በቃ፣ ሁለተኛ አይገናኙም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ መኳንንት ጫንቃ ላይ ወደቀ።

አባትየው ቴሪ ይባላል፤ ምሥራቅ ለንደን ዓሣ ሲሸጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ። የዚያ ሰፈር ሰው ደግሞ ነገርን በስሙ አይጠራም አሉ። ይህን ያስረዳችው ሻትሉ ላይ የምትመላለስ አንዲት እንግሊዛዊት የአውሮፕላን አስተናጋጅ ናት። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከቃሉ ጋር ቤት የሚመታ ሌላ ነገር ታመጣለህ፣ ዋናውን ትውጠዋለህ። ስልክ "ፎን" አይደል? "ዶግ ኤንድ ቦን" ይሉታል፣ ውሻና አጥንት። ወንድ ልጅ "ሰን" ነው፤ "ከረንት በን" ይሉታል፣ የዘቢብ ዳቦ። ሴት ልጅ፣ "ዶተር"፣ "ብሪክስ ኤንድ ሞርታር" ናት፣ ጡብና ሲሚንቶ። ማመን፣ "ቢሊቭ"፣ "አዳም ኤንድ ኢቭ" ነው፤ አዳምና ሔዋን። ሚስት፣ "ዋይፍ"፣ "ትራብል ኤንድ ስትራይፍ" ትባላለች፤ መከራና ጭቅጭቅ። ይቺን መኳንንት ቤቱ አልወሰዳትም።

"ግን ለምን?" አላት።

"ፖሊስ እንዳይሰማ ነው ይላሉ።"

ገባው። አዲስ አበባ ወያላ ሳለ እነሱም ትራፊክ ሲመጣ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነበራቸው። እንግዲህ ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር "ከረንት በን፣ ብሪክስ ኤንድ ሞርታር" እያለ ያነበንባል። ኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ጸሎት ይመስለዋል።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ቴሪ ከረባት አስሮ መጣ። አብሮት የገባው ከፍያለው የሚባል የመኳንንት የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሽማግሌም አስተርጓሚም።

"አረፍ በሉ እንጂ" አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም!" አለ ከፍያለው። ወደ ቴሪ ዞሮም፣ "ዶንት ሲት" አለው።

ቴሪ ጉልበቱ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው ነው። ቆመ።

ከፍያለው ጥያቄውን ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ አመጣው። ሲጨርስ ጋሽ ኃይለ መስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ሰምተናል። ለዛሬ መልስ የለንም። ከዘመድ እንምከርና የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።"

ይህ ማለት እሺ ማለት ነው። ልጁን በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ ብሎ የሚሰጥ ቤት፣ ልጅ ቆማ የቀረችበት ይመስልበታል። ከፍያለው ፊቱ በርቶ ተረጎመ፦ "ቱደይ ኖ አንሰር። ጎ ሆም። ኔክስት ዊክ።"

በቴሪ አገር ደግሞ "ሳምንት እንነጋገር" ማለት፣ በጨዋ አፍ፣ "አይሆንም" ማለት ነው። ለጊዜያችሁ አመሰግናለሁ አለና፣ ከረባቱን እየፈታ ወጣ።

"ጨዋ ሰው ነው" አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል። "አልተጋፋም።"

መኳንንት ግን ፊቱን አየው። በስፖኪዮ የሰው ፊት ሲያይ የኖረ ሾፌር፣ በረራ ያመለጠውን ካላመለጠው ይለያል። ሮጦ ወጣና "እኔ ላድርስህ" ብሎ መኪናው ውስጥ ከተተው።

"ነገ እሄዳለሁ" አለ ቴሪ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ። "ልጄ በስንት ዘመኑ አንድ ነገር ቢለምነኝ፣ እሱንም አበላሸሁበት።"

መኳንንት ጨነቀው። "እሺ ብለናል" ቢለው፣ የጋሽ ኃይለ መስቀልን ቃል ከቀኑ በፊት ማጠፍ ነው። እሳቸው ደግሞ አኩራፊ ናቸው፤ አንድ ክርስትና ላይ ከሌላ ሰው ቀጥሎ ተጠሩ ብለው እስካሁን እዚያ ቤት አይረግጡም። ዝም ቢለው፣ ሰውዬው ነገ የለም።

ቀይ መብራት ያዛቸው። አፉ ለምዶ ኖሮ፣ "ከረንት በን" አለ።

ቴሪ ዞረ።

"ዩር ከረንት በን" አለ መኳንንት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። "ማይ ብሪክስ ኤንድ ሞርታር።" ትንሽ አመነታና፣ "ትራብል ኤንድ ስትራይፍ" ጨመረበት። "ኔክስት ሳተርደይ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን ለቀቀው። መኳንንት አልተነቃነቀም።

"አዳም ኤንድ ኢቭ ሚ፣ ቴሪ።"

የቴሪ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብሎ መኳንንት ሲደነግጥ፣ ሰውዬው ለካ እየሳቀ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ አለቀሰ።

"ታዲያ ለምን እዚያው አልነገራችሁኝም?"

"አሁንም ምንም አልነገርኩህም።"

ቴሪ አሰበበት። "ገባኝ። ዓሣ ተራም ቢሆን፣ ቶሎ እሺ የሚል አይከበርም።"

"ሳሮን ዓሣ አይደለችም።"

"አይደለችም" አለ ቴሪ። ውሻና አጥንቱን ከኪሱ አወጣና ልጁ ጋ ደወለ። "ዳን፣ በረራዬን ቀይርልኝ። … የለም፣ ደህና ነኝ። ና፣ እራት አብረን እንብላ።"

በሳምንቱ ቴሪ ማንም ሳያዘው መሐል ሳሎን ቆመ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ሁሉንም በየተራ አዩና፣ "ፈቅደናል" አሉ። ከፍያለው አፉን ሳይከፍት ቴሪ መኳንንትን አቀፈው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል። "ሰውዬው ሳይተረጎምለት ነው የገባው። መኳንንት፣ ነግረኸዋል እንዴ?"

"ምን በወጣኝ ጋሼ! በአማርኛም አልነገርኩት፣ በእንግሊዝኛም አልነገርኩት።"

"ማልልኛ!"

ማለ። ድምፁም አልተንቀጠቀጠ። ያኔ ቴሪ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።