የጌጡ አንቴና

ባሌ ጌጡ ሰው አያምንም። ይህን ሳላውቅ አላገባሁትም። በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ወሬ ሲያዳምጥ ኖሮ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ መንዝ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ እሱን የሚያዳምጠው እየመሰለው መጣ። ሞላሌ ገበያ ሬዲዮ ሲጠግን እንኳ መጀመሪያ የሚፈልገው ብልሽቱን ሳይሆን ውስጡ የተደበቀ ነገር ካለ ነው። እኔንም ውኃ ወርጄ ከቆየሁ “መንገድ ላይ ማንን አገኘሽ?” ይለኛል።

በ2005 ዓ.ም. ምንተስኖት የሚባል የኮሌጅ መምህር ማኅተም ያረፈበት የሙከራ ፈቃድ ይዞ ከጓሳ ሥር ወዳለችው ቀበሌያችን መጣ። እኛ ጋ ኔትወርክ የለም፤ ለመደወል ጋራ መውጣት ነው። መምህሩ አንዲት ሳጥን፣ ላፕቶፕና ሶላር ይዞ ለቀበሌዋ የሚበቃ የሞባይል ኔትወርክ ልሥራ አለ። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ለሁሉም ክፍት አድርገው በነጻ ለቀውታል ብሎ አስረዳ።

“በነጻ?” አለ ጌጡ። “ምን ፈልገው ነው?”

“ክፍት ስለሆነ የሚሠራውን ሁሉ ራስዎ ያዩታል፣ ጋሽ ጌጡ። ያልወደዱትን ይለውጡታል።”

ይህች ነገር ልቡን ወሰደችው። ጌጡ በዕድሜው ውስጡን የሚያሳየው ሰው አግኝቶ አያውቅማ! ቤታችን ጎን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተከለ፣ አንቴናውን ሰቀለ፣ ከመምህሩ ሥር ሥር እያለ ተማረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀበሌው ሰው እርስ በርሱ መደወል ጀመረ። እኔም ከወንዙ ማዶ ያለችውን እናቴን በየቀኑ አወራት ነበር። ጌጡ ጠዋት ጠዋት መነጽሩን ሰክቶ ላፕቶፑን ያነባል። ሥራው ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ጎረቤታችን ጫኔ ማጨድ ከታገደበት ከጓሳ ጥብቅ መሬት ሣር አጭዶ በቅሎ ሲጭን የጓሳው ጠባቂዎች ያዙት። “ለወንድሜ ለፈንታ በስልክ ከመንገር በቀር ለማንም አልተነፈስኩም” አለ። “የጌጡ ማሽን ነው የጠለፈኝ!”

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። እውነቱ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጌጡ ንጹሕነቱን ካላስረዳ አንቴናው ይነቀላል፣ እኛም ከእድር እንወጣለን ተባለ። ያለ እድር ማን ይቀብረናል? ፈራሁ።

ጌጡ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። “ድምፅ አያስቀምጥም። ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደደወለ ብቻ ነው የሚጽፈው። ይኸው፣ ረቡዕ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጫኔ ለፈንታ ደወለ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ፈንታ ለጠባቂው ደወለ።”

ፈንታ አንገቱን ደፋ። ባሌ ነጻ ወጣ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ማንም አልተነሣም። አንዱ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ባትሪውን ፈታ። አጠገቡ ያለውም ፈታ።

“ልጄ” አሉ ሽማግሌው አባ ሀብተ ማርያም፣ “ይህን ጻፍ ያለው ማነው? ማሽኑ በራሱ ነው?”

ጌጡ ላፕቶፑን ከደነ። አብሮ የተጠራው ምንተስኖት መሬት መሬት እያየ መለሰ፦ “መዝገቡ መዘጋት ይችላል። ልዝጋው ስላቸው፣ ጋሽ ጌጡ ‘ተወው’ አሉኝ።”

ቤት ስንገባ ደሜ ፈልቶ ነበር። “የእኔንም አንብበሃል?”

“ድምፅ የለውም አልኩሽ እኮ። ሰዓቱን ብቻ ነው” አለ። ደግሞ ቀጠለና፣ “ማክሰኞ ግን ለእናትሽ ሦስት ጊዜ ደውለሻል። ምን ነበር?”

ነጠላዬን አንሥቼ ወንዙን ተሻገርኩ። በማግስቱ አንጀቴ አልችል አለና ደወልኩለት። ከዚያ ሁሉ ሰው በዚያ ቀን የደወልኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

“ደኅና ገብቻለሁ” አልኩት።

“አጠገብሽ ማን አለ?” አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ባትሪውን ፈታሁ።